አራተኛው መስመር

እኔ ከአራተኛ ክፍል ትምህርት ያቆምኩ ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው አሳምሬ ለማውራት አይደለም። አንድ ሰው ይወደኝ ነበር፤ እኔም እወደው ነበር፤ ሳንጋባ ቀረን። ለምን እንደቀረን ያወቅሁት ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ለእሱ ልነግረው አልቻልኩም። ታፍኜ ከምቀር ለወረቀት ልንገር።

ሥራዬ ሙዚየም ማጽዳት ነው። ሰው ሙዚየም ሲባል ወርቅና ዘውድ ይታየዋል፤ እኔ የሚታየኝ አቧራ ነው። የመስታወት አቧራ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ የእንጨት በለስላሳ ብሩሽ፣ የሸክላ አቧራ ግን በትንፋሽ ነው የሚነሳው። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ሁሉንም በአንድ እርጥብ ጨርቅ ነበር የማዳርሰው።

የተዋወቅነውም በዚያው ጨርቅ የተነሳ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በር ላይ ዘበኛ የነበረው አጎቴ «አደራ፣ እንዳታሰድቢኝ» ብሎ ካስቀጠረኝ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ። ሁለተኛው አዳራሽ፣ ሦስተኛው የመስታወት ሳጥን፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አንዲት ጥቁር ማሰሮ ነበረች፤ ባለ አንድ ጆሮ፣ ከጭብጥ ብዙም የማትበልጥ። ጨርቁ ጆሮዋን ያዘና ጎተታት። ስትወድቅ ድምጿ እንኳ ትልቅ አልነበረም። እንደ ብስኩት ነው ያለችው።

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ ላይ የደረቀ ነገር የተጋገረበት ሰው ነበር። የተሰበረ ሸክላ ገጣጥሞ የሚጠግነው እሱ ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ «ሙጫ» ይለዋል።

«እንዳትንቀሳቀሺ» አለኝ።

«አልሸሽም።»

«እንዳትሸሺ ብዬ አይደለም። እንዳትረግጫት ነው።»

ተንበርክኮ ስብርባሪውን ትሪ ላይ ለቀመ። አልጮኸብኝም። «ቁጠሪልኝ እስቲ» አለኝ። ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ።

«ከሃያ በታች ከሆነች ትድናለች» አለ፣ ልክ እንደ ሐኪም።

ከዚያ ከኪሱ ቢጫ ወረቀት አወጣ። እኛ ዘንድ ዕቃ ከቦታው ሲነሳ በቦታው ቢጫ ወረቀት ይቀመጣል፤ «ምትክ» እንላታለን። አራት መስመር አላት። ምን ተነሳ፣ ማን አነሳው፣ ወዴት ሄደ፣ መቼ ይመለሳል። ምትክ ሳያስቀምጥ ዕቃ ያነሳ እንደ ሌባ ነበር የሚቆጠረው።

ሁለተኛው መስመር ላይ የራሱን ስም ጻፈ። የሰበርኩት እኔ፣ ተጠያቂው እሱ ሊሆን ነው።

እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቅኩት። ስሙን ሰርዤ የራሴን ጻፍኩ። ፊደሌ ያን ጊዜ እንደ ሰካራም ነበር የሚሄደው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች።

«ማን አስገደደሽ?» አለኝ።

«እኔ የሰበርኩትን ሌላ ሰው አይሸከምልኝም።»

አየኝ። እኔም አየሁት። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

«አንቺስ ችኮ ነሽ» አለ እየሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ችኬ ሆነ።

ዳይሬክተሩ ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። አጎቴ ለሳምንት ዘጋኝ። እኔ ግን ባልዲዬን ይዤ የጥገና ክፍሉን ለማጽዳት ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ደረጃው አጠረኝ።

ክፍሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ አሸዋ የሞላበት ሳጥንና ብዙ ብልቃጥ ነበር። የተገጠመውን ሸክላ እስኪደርቅ አሸዋው ውስጥ ያቆመዋል። እኔ መሬቱን እየወለወልኩ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ቀና ሳይል ይመልሳል።

«ይሄ ሙጫ ጠንካራ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ጥሩ ሙጫ ሲፈለግ የሚለቅ ነው። እኔ ተሳስቼ ከሆነ ከኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ፈትቶ እንደገና ይገጥመዋል።»

«ከለቀቀ ታዲያ ምኑን ሙጫ ሆነ?»

«እንዳንቺ ይሁን?»

«አዎ። እኔ ከያዝኩ አልለቅም።»

አሁን ቀና አለ። ከዚያ በኋላ የሠራው የለም ያን ቀን።

በሳምንቱ ያቺን ባዶ ቦታ ልወለውል ስል ምትኳ ተቀይራለች። «ምን ተነሳ፦ እንቅልፍ። ማን አነሳው፦ አንዲት የጽዳት ልጅ። ወዴት ሄደ፦ እሷ ሰፈር አካባቢ። መቼ ይመለሳል፦ ራሷ ስትመልሰው።»

እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ጎብኚ ቢጫ ወረቀት አያነብም፤ ወደ ዘውዱ ነው የሚሮጠው። በማግስቱ መልሴን ጻፍኩለት። «ምን ተነሳ፦ ባልዲዬ። ማን አነሳው፦ አንተ። ወዴት ሄደ፦ ጥገና ክፍል። መቼ ይመለሳል፦ አሁኑኑ!»

እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት አለፈ። የሳትኩትን ፊደል በእርሳስ እያረመ ይመልስልኝ ነበር። ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ያቺ የአንድ ማሰሮ ቦታ አስተማረችኝ። የእሱን ምትኮች የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አከማቸኋቸው። ሠላሳ አንድ ናቸው። አሁንም አሉኝ።

አንድ ቀን ጠየቅኩት። «አሥራ ዘጠኝ ስባሪ ዓመት ሙሉ የሚፈጀው ምን ሆኖ ነው?»

«አሥራ ስምንቱን ገጥሜአለሁ።»

«አንዱስ?»

«አንዱን ከገጠምኩ ማሰሮዋ ትመለሳለች። ከተመለሰች ቦታው ይዘጋል። ቦታው ከተዘጋ የት ነው የምጽፍልሽ?»

መወልወያዬን ይዤ ቆምኩ። ብልቃጦቹን ማጽዳት ጀመርኩ፤ ንጹሕ ነበሩ።

«እናትሽን መቼ ላነጋግራቸው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ትንሽ ይሻላትና።»

እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። እንደማይሻላት አውቅ ነበር። ግን ደስታ ሲመጣብኝ ትንሽ ቆይ የማለት ክፉ ልማድ አለብኝ።

በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እንግዶች መጡ። ከአሥራ አንድ አገር የተውጣጡ የሙዚየም ዳይሬክተሮች ናቸው፤ ለሁለት ሳምንት ስለ ዘመናዊ የሙዚየም አስተዳደር ልምድ ሊለዋወጡ። ሁሉም አንገታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ካርድ አንጠልጥለዋል። ከመካከላቸው አንዷ፣ ነጭ ፀጉር ያላት ሴትዮ፣ ጥገና ክፍል ገብታ አልወጣም አለች። ሙጫ እጁን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ቆማ ስታይ ዋለች።

ሌላው ደግሞ አዳራሽ ለአዳራሽ እየዞረ ቢጫ ወረቀቶቻችንን ፎቶ አነሳ። አርባ ሦስት ነበሩ። በአስተርጓሚ ጠየቀ፦ «ይሄ ሁሉ ዕቃ ተሰርቆ ነው?» የዳይሬክተራችን ፊት አመድ መሰለ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ስብሰባ ላይ ሻይ የምታቀርበው እትዬ ትሪዋን ይዛ ወደ እኔ ወረደች። ሳትጠየቅ የምትናገር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ዳር ዳር አለች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ዘመናዊ አስተዳደር ማለት ጽዳትን ለውጭ ድርጅት መስጠት ነው አሉ። ከስምንተኛ ክፍል በታች የሆነ የሙዚየም ሠራተኛ አይባልም አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እንግዶቹ አሉ፣ የኛዎቹ ጻፉ። ሙጫም እዚያው ነበር።»

«ምን አለ?»

ሲኒዎቹን ደረደረች። መልሳ ደረደረች።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ዝም ነው ያለው። እና ደግሞ፣ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል፣ ባለነጭ ፀጉሯ ለሁለት ዓመት ልትወስደው ነው። የልውውጡ አካል ነው አሉ። ከፊታችን እሑድ አብሯቸው ይበራል። ወረቀቱ እኮ እንግዶቹ ሳይመጡ ነው ያለቀው፤ ወር ሆኖታል። አልነገረሽም እንዴ?»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ እጁ ባዶ ነው።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«አልወሰንኩም። ወረቀቱን ያስጨረሱት ዳይሬክተሩ ናቸው። እኔ እሺ አላልኩም።»

«እምቢም አላልክም።»

ጠረጴዛው ላይ የደረቀ ሙጫ በጥፍሩ ፋቀ።

«ዛሬ ስለ እኛ ስለ ጽዳቶቹ ሲወራ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ምን አልክ?»

ቢዋሸኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ተናገርኩ፣ አልሰሙኝም ቢለኝ አምነው ነበር። እሱ ግን መዋሸት አይችልም።

«ፈራሁ» አለ። «ያ ሁሉ ዳይሬክተር ተቀምጦ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።»

«ለኔ አንዲት ቃል አጣህ።»

«ችኬ፣ ስሚኝ...»

«ችኬ አትበለኝ! ሂድ። ማን ያዘህ? ጥሩ ሙጫ ሲፈለግ የሚለቅ ነው አላልክም? ልቀቅ። ሁለተኛ እንዳታናግረኝ። የኔ አራተኛ ክፍልነት አንተን እስኪያሳፍርህ አልጠብቅም።»

«አላፈርኩብሽም።»

«ዝም ያለ ሰው ምን ይባላል ታዲያ?»

መልስ ሳልጠብቅ ወጣሁ። እኔ ደግሞ ያልኩትን አደርጋለሁ። በማግስቱ በኮሪደር ሲመጣ ቧንቧ ከፈትኩ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም። ከሥራ ስወጣ ተከተለኝ። ቤታችን በር ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ሰውየው ቆሟል» አለችኝ እናቴ ከአልጋዋ።

«ይቁም።»

«ወጥተሽ አናግሪው። ልብሽ እኮ እዚያ ነው ያለው።»

«ልቤ እዚህ ነው። ትራስሽን ላስተካክል ቀና በይ።»

«እኔን ሰበብ አታድርጊኝ» አለች። ያን ያህል ጠንከር ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ቢሆንም አልወጣሁም። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት ዳይሬክተሩ ሰበሰቡን።

«ነገ እንግዶቹ ለመጨረሻ ጉብኝት ይገባሉ። አንዲት ቢጫ ወረቀት እንዳላይ! ሳጥኖቻችን የወላለቀ ጥርስ መስለዋል።»

የመዝገብ ክፍሏ ኃላፊ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ዕቃው የት እንዳለ በምን እናውቃለን?»

«በኮምፒውተር።»

«ኮምፒውተሩ ገና አልመጣም።»

«ይመጣል!» አሉና ወደኔ ዞሩ። «አንቺ አዳራሾቹን በደንብ ታውቂያለሽ። ነገ በጠዋት ሁሉንም ሰብስበሽ ለማሽኑ ትሰጫለሽ።»

ማሽኑ እንግዶቹ በስጦታ ያመጡት ወረቀት የሚከትፍ ማሽን ነው።

ዓርብ ጠዋት ጆንያ ይዤ ገባሁ። አንደኛው አዳራሽ፣ አሥራ ሁለት ወረቀት። ሁለተኛው አዳራሽ። አንደኛው ሳጥን፣ ሁለተኛው ሳጥን። ሦስተኛው ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ።

ወረቀቷ እዚያው ናት። የተጻፈባት ነገር እንዳለ ከርቀት ያስታውቃል። ይቅርታ ይሆናል አልኩ። ይቅርታውን በአፉ፣ በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት ይበለው። ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተከልኩ። እጄን ሰድጄ በዳበሳ አነሳኋት። አዲስ መሆኗ በጣቴ ታወቀኝ፤ ጥጓ ገና አልተጣጠፈም። ይህን እያወቅሁ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የዝናብ እድፍ እያየሁ፣ ጆንያው ውስጥ ጣልኳት።

ጣሪያው ላይ ያለው እድፍ አሁን ድረስ አለ። ቅርጹን በጨለማ ልሥለው እችላለሁ።

ማሽኑ ጋ እንግዶቹ ተሰብስበው ጠበቁኝ። እያፈስኩ አጎረስኩት። ቢጫው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል እንደ ጭድ ወጣ። ዳይሬክተሩ «ዘመናዊነት ማለት ይሄ ነው!» አሉ። ተጨበጨበ። ለእኔም ጭምር ነው ያጨበጨቡት። የረገፈውን ስጠርግ ሳምንት ፈጀብኝ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን። እኔ የሦስተኛውን ፎቅ ደረጃ እያጠብኩ ነበር፤ ከጥገና ክፍሉ በር አሥራ አራት እርከን ዝቅ ብዬ። ከውስጥ ኮቴው ይሰማኛል። ወደ በሩ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። እንደገና ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ዕቃውን እየሸከፈ ነው አልኩ። ሸክፎ ይውጣልኝ አልኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ኮቴው አልቆመም። ሰባት ሰዓት ሲል በሩ ተከፈተ። ባልዲዬን አንስቼ ወደ ጓሮ ወረድኩ፤ እንዳላየው። ውሃውን ደፋሁ። ባልዲው ባዶ ሆኖም ዘቅዝቄ ያዝኩት።

ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው አዳራሽ ስገባ ማሰሮዋ ቦታዋ ላይ ናት። ሙሉ። አሥራ ዘጠነኛዋም ተገጥማለች።

ቦታው ከተዘጋ የት ነው የምጽፍልሽ ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ዘጋው። ሳጥኑ ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ ሳይወለወል ለጎብኚ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ብዙ ወሬ የለውም። ጽዳቱ ለድርጅት ተሰጠ፤ እኔም ሽርጤን ቀይሬ እዚያው አዳራሽ የሌላ ሰው ሠራተኛ ሆኜ ቀጠልኩ። በሠራተኞች በር አትግቢ ተባልኩ፣ በዕቃ ማስገቢያው ገባሁ። እናቴ እሱ በሄደ በሦስተኛው ዓመት ሞተች። «ያ ሰውዬ ጻፈ ወይ?» ስትለኝ ነበር እስከ መጨረሻው ሳምንት። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም ያላገባሁት። አንድ ሹፌር ነበር፣ ደግ ሰው፤ ሁለት ዓመት ደጅ ጠናኝ። ከያዝኩ አልለቅም ብዬ የለ። ምን እንደያዝኩ ግን እኔም አላውቅም። በየጠዋቱ ማሰሮዋን በትንፋሼ አጸዳለሁ፤ ወደሚቀጥለው ሳጥን አልፋለሁ። እንዲህ ሆኜ አርባ ስምንት ሞላኝ። ሕይወቴ ይሄው ነው፤ አላስጌጠውም።

ባለፈው ሳምንት እንደገና የዳይሬክተሮች ልውውጥ ተባለ። ያው ካርድ፣ ያው ስብሰባ፣ ያው ዘመናዊ አስተዳደር። የአሁኗ ዳይሬክተራችን ወጣት ሴት ናት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወለሉ እንዲያበራ ትወዳለች። ማክሰኞ ጠዋት ሦስተኛውን ሳጥን ከፍቼ ማሰሮዋ ላይ እፍ እያልኩ ነበር።

«አሁንም በትንፋሽ ነው?» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ወዲያው አልዞርኩም። መጀመሪያ ማሰሮዋን አስተካክዬ አስቀመጥኩ። ሁለተኛ እንድትሰበር አልፈለግኩም።

ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ከጎኑ ካርዱ። ለሁለት ዓመት ሄዶ እዚያው ቀርቷል፤ ባለነጭ ፀጉሯ ጡረታ ስትወጣ በወንበሯ የተቀመጠው እሱ ነው፤ ዳይሬክተር። ጣቶቹ ንጹሕ ናቸው። አንዱ ላይ ቀለበት አለ።

«አረጀን» አልኩት።

«አንቺ አላረጀሽም።»

«አሁን መዋሸት ተምረሃል ማለት ነው።»

ሳቀ። ሳቁ እንዳለ ነው። ያ ነው ያመመኝ።

«ልጆች አሉህ?»

«ሁለት ሴቶች። ትልቋ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አንቺስ?»

«እኔ ማሰሮ አለችኝ።»

እንደ ቀልድ ነው ያልኩት፤ እሱ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አያት።

«ሙጫው ቢጫ ሆኗል» አለ። «ዕድሜው ነው። ተፈትታ እንደገና መገጠም አለባት። ለዳይሬክተሯ እነግራታለሁ።» ከዚያ ቀና ሳይል፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሁለተኛ አላነሳውም።»

«ጠይቅ።»

«የመጨረሻዋ ምትክ። ሐሙስ ከሥራ መውጫ ላይ እዚህ አስቀመጥኳት። ስለ ስብሰባው ይቅርታ ጠየቅኩሽ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ጥገና ክፍል እንደምጠብቅሽ፣ ከመጣሽ እንደምቀር ጻፍኩ። ወረቀቶቹን የምትሰበስቢው አንቺ መሆንሽን ስሰማ ደስ አለኝ። እንግዲያው እጇ ገብታለች፣ የኔን ሳታነብ አትጥላትም አልኩ። እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅኩሽ። ስትቀሪ መልስሽ ነው ብዬ ማሰሮዋን መለስኩ።» ከማሰሮዋ ቀና አለ። «አንብበሻት ነበር፣ አይደል?»

አሥራ አራት እርከን። ያ ኮቴ። ወደ በሩ እየመጣ የሚመለሰው እኔን ሲጠብቅ ነበር። በሰማሁት ቁጥር ይውጣልኝ እያልኩ ደረጃ ሳጥብ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። አላነበብኳትም፤ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ፣ በእልህ፣ ለማሽን ሰጠኋት። ይህን ብለው ምን ይሆናል? ሃያ አንድ ዓመቱን ሁሉ ይፈታዋል። ሚስቱን፣ ሁለቱን ልጆች፣ ያን ወንበር፣ አንድ በአንድ እያነሳ «ይሄ ባይሆን ኖሮ» ይላል። እዚያ አገር፣ እኔ በሌለሁበት፣ ስብርባሪውን የሚለቅምለት የለም።

የሰበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«አንብቤአታለሁ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻው ወረደ።

«አንዳንዴ፣ ምናልባት ሳታያት ቀርታ ይሆን? እል ነበር» አለ። «ከሁሉ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነበር። ካነበብሽው ግን ምርጫሽ ነው። አሁን አረፍኩ።»

«ደግ።»

«ለምን እንደቀረሽ አልጠይቅሽም።»

«አትጠይቀኝ።»

አስተርጓሚዋ ከበሩ ላይ ጠራችው። ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ።

«አራተኛው መስመር ላይ የጻፍኩት ግን ከልቤ ነበር» አለ። «ያንን ብቻ እወቂልኝ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

አላውቅም። አራተኛው መስመር ላይ ምን እንደጻፈ አላውቅም። አንብቤአታለሁ ያልኩ ሴት ምን ብለህ ነበር ብዬ ልጠይቅ አልችልም። መቼ ይመለሳል ለሚለው ምን ብሎ መለሰ? የሠላሳ አንዱን ምትክ አራተኛ መስመር ሁሉ ቆርቆሮዬን ከፍቼ አነበብኩ፤ ከአንዱ እንኳ የሠላሳ ሁለተኛውን መገመት አልቻልኩም።

ከሰዓት ስብሰባ ላይ ተናገረ አሉኝ። በዘመናዊ አስተዳደር ባዶ ቦታ አይደበቅም፤ ምን እንደተነሳ፣ ማን እንዳነሳው፣ ወዴት እንደሄደ፣ መቼ እንደሚመለስ ጎብኚ ማወቅ አለበት አለ። ወጣቷ ዳይሬክተር አዲስ ሐሳብ ነው ብላ ጻፈችው። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ቅዳሜ በረሩ። ሰኞ ማሰሮዋን ለመፍታት ወደ ጥገና ክፍል ወሰዷት። የመዝገብ ክፍል አዲሷ ሠራተኛ፣ ያኔ ያልተወለደች ልጅ፣ አዲስ የታተመ ወረቀት ይዛ መጣች። ቢጫ ነው።

«እትዬ፣ መጻፍ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ምን ተነሳ የሚለው ላይ ማሰሮ ብዬ ጻፍኩ። ማን አነሳው የሚለው ላይ የጥገና ሠራተኞቹን ስም መጻፍ ነበረብኝ፤ እጄ የራሴን ጻፈ። አላረምኩትም። ወዴት ሄደ፣ ጥገና ክፍል። ፊደሌ አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«አራተኛውን አልሞላሽውም» አለችኝ ልጅቷ።

«አላውቀውም።»

«በግምት ጻፊዋ፤ ሁሉም ሰው በግምት ነው የሚሞላው።»

«እኔ በግምት አልሞላም» አልኳት።

እንደመሸነፍ ብላ ትታኝ ሄደች። ባዶውን ቦታ በትንፋሼ አጸዳሁት። ወረቀቷን አራተኛው መስመር እንደተከፈተ አስቀመጥኳትና መስታወቱን ዘጋሁ። ባልዲዬን አንስቼ ወደሚቀጥለው ሳጥን አለፍኩ።